«ሌላ ጠያቂ የላትም»

ያን ሰሞን ደክሞኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ልጅ በአንድ ክፍል ሳስተምር፣ ምድጃውን ራሴ ሳነድ፣ ወለሉን ራሴ ስጠርግ አሥር ዓመት ሞልቶኛል። ዕድሜዬ ሃያ ዘጠኝ ነው። በእኛ አገር በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ያላገባች ሴት ከፊት ትከበራለች፣ ከጀርባ ይታዘንላታል። ሐዘኔታውን ለምጄዋለሁ፤ ክብሩ ነው የሚያደክመኝ።

ስለዚህ ያን እሑድ ቄሳችን አባ ፓራዲ ከቅዳሴው መሐል «ኤግዚልዳ ኡዶንና ቴሌስፎር ቦልዩ ሊጋቡ አስበዋል፤ የሚያግድ ነገር የሚያውቅ ይናገር» ብለው የመጀመሪያውን የጋብቻ ማስታወቂያ ሲያነቡ፣ በቅጡ ለመደሰት እንኳ አቅም አልነበረኝም። ብቻ ዞር ብዬ ወደ ኋላ አየሁ። ቴሌስፎር የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ኮሌታው ጠቦት አንገቱ ቀልቷል። እሱም አየኝ። ያቺ አስተያየቱ ሰባት ዓመት ሙሉ ያኖረችኝ አስተያየት ናት፤ ስለ እሷ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የተበላሸው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ደረጃው ላይ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ እዚያ ይቆማል፤ የጠፋ በግ እዚያ ይነገራል፣ ሐሜትም እዚያ ይታደሳል። እንኳን ደስ አለሽ ሊሉኝ ከከበቡኝ መሐል አጎት ኦርሚዳስ መሬቱን በበትሩ እየወጋ መጣ። ለሁላችንም አጎት ነው። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ የሰበካውን ዘር በሙሉ በቃሉ ይቆጥራል። ሌላ ሥራ የለውም፣ ሌላ ደስታም የለውም።

«ቆይ ቆይ ቆይ!» አለ። «ቦልዩ ነው ያሉት ቄሱ? የማን ቦልዩ?»

«የታችኛው ሠፈር ቦልዩ፣ አጎት» አለው ቴሌስፎር ባርኔጣውን አውልቆ። «የኔሬ ልጅ።»

«ኔሬ የፊርመን! ፊርመን የበኑዋ! በኑዋ የዣን ገብርኤል!» በትሩን መሬት ላይ መታው። «አንቺስ? ኤግዚልዳ የሉዊ፣ ሉዊ የማግሉዋር፣ ማግሉዋር የዤርመን፣ ዤርመን…» አለና ቆም ብሎ ዙሪያውን አየ፣ ሰው መስማቱን ሊያረጋግጥ፤ «ዤርመንም የዣን ገብርኤል! ወንድማማች ናቸው! አራት ቤት ናችሁ እኮ፣ ልጆቼ!»

ሰው ሳቀ። አንዱ «ጎሽ አጎት!» ብሎ አጨበጨበለት። ሽማግሌው በደስታ አበራ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ የሚያውቀውን ነው የተናገረው።

በእኛ ዘንድ አንድ ቤተሰብ ሁለት ስም ይዞ መኖሩ የቆየ ልማድ ነው። አያት ቅድመ አያቶቻችን ከባሕር ማዶ ሲመጡ የቤታቸው ስም ላይ አንድ ቅጽል ይለጠፍላቸው ነበር፤ በውትድርና፣ ወይ በያዙት መሬት፣ ወይ በጠባያቸው። መዝገቡ «ኡዶን፣ ቦልዩም የሚባለው» እያለ ሁለቱንም ይጽፋል። ኋላ ልጆቹ አንዱ አንዱን፣ ሌላው ሌላውን እየያዙ ይለያያሉ። የእኛዎቹ ወንድማማቾች በአባታቸው መሬት ተጣሉ፤ ዤርመን ኡዶንን ይዞ ቀረ፣ በኑዋ ቦልዩን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። መቶ ዓመት ሳይሞላ ልጆቻቸው አይተዋወቁም።

እኔም አላወቅኩም ነበር። ደረጃው ላይ ቆሜ ቴሌስፎርን አየሁት፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይጠመዝዛል። ሊስቅልኝ ሞከረ። ያ ሳቁ ከምንም ነገር በላይ አስፈራኝ።

*

በማግሥቱ ከትምህርት በኋላ አባ ፓራዲ ቢሮ ተጠራሁ። ቴሌስፎር መምጣት አልቻለም፤ የመከር ዓሣ የሚያዘው በእነዚያ ሳምንታት ብቻ ነው፣ ውሃው ደግሞ ሠርግ አለኝ ቢሉት አይሰማም።

አባ ፓራዲ አሮጌውን መዝገብ ገልጠው በጣታቸው ወረዱ።

«ሽማግሌው ልክ ነው» አሉ። «ልክ ባይሆን በገረመኝ። አራት ቤት። ቤተ ክርስቲያን እስከ አራት ትቆጥራለች፣ ልጄ። አንድ ቤት ብትርቁ ኖሮ አሁን ሻይሽን እየጠጣሽ ነበር።»

«አባ፣ የዚህ ሰበካ ሰው ግማሹ ዘመዳም አይደል እንዴ?»

«ግማሹ? ሁሉም ነው እንጂ!» መሳቢያቸውን ሳብ አድርገው አሳዩኝ፤ በወረቀት ተጠቅጥቋል። «ይኸውልሽ። ይሄ ሁሉ የፈቃድ ማመልከቻ ነው። ከጳጳሱ ፈቃድ ካመጣን ትጋባላችሁ። ግን ምክንያት መጻፍ አለብን። ቤተ ክርስቲያን የምትቀበላቸው ምክንያቶች ተዘርዝረዋል። ‹ስለምወደው› የሚል የለበትም፣ እንዳትፈልጊው።»

«ታዲያ ምን አለበት?»

«‹ቦታው ጠባብ ነው፣ ዘመድ ያልሆነ አይገኝም› የሚል አለ። እሱን አበዛሁት። አምና ጳጳሱ ‹ከዚያ ሰበካ ቦታ ጠበበ የሚል ወረቀት ያለ ማስረጃ በባዶው አትላኩብኝ› ብለው ጽፈውልኛል።» መነጽራቸውን አወለቁና ዐይናቸውን አሹ። እሳቸውም ደክሟቸዋል። «ስለዚህ ሁለተኛውን እንጽፋለን። እሱ ሁልጊዜ ያልፋል።»

ጻፉና ጮክ ብለው አነበቡልኝ።

«አመልካቿ ሃያ አራት ዓመት ካለፋት ቆይቷል፤ ዛሬ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እስከ ዛሬ የሚመጥናት ሌላ ወንድ ጠይቋት አያውቅም። ይህን ሰው ካላገባች ሌላ ጠያቂ የላትም።»

ፊቴ ጋለ። መስኮቱን ማየት ጀመርኩ።

«እውነት ነው አይደል?» አሉኝ። «በወንጌል ላይ መማል አለብሽ።»

እውነት አልነበረም። ሁለት ጊዜ ተጠይቄያለሁ። ሁለቱም ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው፣ ራሳቸው፣ ያለ ሽማግሌ ነበር የጠየቁኝ። ሁለቱንም እንቢ አልኩ፤ ሁለቱም «እባክሽ ለሰው እንዳትነግሪ» አሉኝ፣ እኔም ቃል ሰጠሁ። እናቴ እንኳ አታውቅም። እናቴ ከአሥር ዓመት ወዲህ ልጄን የሚጠይቅ ጠፋ ብላ መቁጠሪያዋን ስትቆጥር፣ እኔ አጠገቧ ካልሲ ስጠቅም ዝም ብዬ ኖሬያለሁ።

አሁን እውነቱን ብናገር ምክንያቱ ይወድቃል። ምክንያቱ ከወደቀ ፈቃድ የለም። ፈቃድ ከሌለ ቴሌስፎር የለም።

«እውነት ነው፣ አባ» አልኩና እጄን ወንጌሉ ላይ ጫንኩ።

ፈረምኩ። እጄ ላይ የቀረችውን የቀለም ነጥብ ቤቴ እስክደርስ በምራቄ ስፈትጋት ነበር። እንዲህ አድርጌ ነው ባል የማገኘው እያልኩ ራሴን ጠላሁት።

*

ፈቃዱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ሠርጉ ለሚቀጥለው ማክሰኞ ተቆረጠ። ለትምህርት ቤቱ ሹማምንት መልቀቂያዬን ጻፍኩ፤ በእኛ ዘንድ ያገባች ሴት አታስተምርም። እናቴ የእሷን የሠርግ ልብስ አውጥታ ወገቡን ታሰፋ ጀመር፤ እያሰፋች ታጉረመርማለች።

«አባትሽ የቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ነበር። ወንበራችን የፊተኛው ረድፍ ነው። አንቺ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ቤት ልትገቢ!»

«እማዬ፣ በቃ።»

«ምን በቃ ትይኛለሽ? ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል? ሌላ ባታገኝ ነው እላለሁ። ምን ልበል?»

ይህንኑ ለጎረቤት ሁሉ ብላለች። ወንዙ ዳር ድረስ ደርሷል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን አሰናብቼ ስመለስ የትምህርት ቤቱ በር ሥር የተገፋ ወረቀት አገኘሁ። ጽሕፈቱን አላወቅሁትም። የአንደኛ ክፍል ልጅ ይመስላል፣ ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፣ መስመሩ ወደ ታች ያዘነብላል።

«ኤግዚልዳ፣

ጤና ይስጥልኝ። መጻፍ የተማርኩት አሜሪካ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሳለሁ ነው። የተማርኩትም ላንቺ ልጽፍ ብዬ ነው። ስድስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት፤ አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ በእጄ ጽሕፈት አፈርኩ። ዛሬ ግን ማፈሩ ቀርቶብኛል።

ትናንት ለቄሱ ዓሣ ላደርስ ሄጄ ከፈቃዱ ጋር የተመለሰውን ማመልከቻ አንተም ፈርም ብለው ሰጡኝ። ሳላነብ አልፈርምም አልኩና አነበብኩት። እናትሽ ሌላ ባታገኝ ነው ትላለች ሲሉኝ የሰው አፍ ነው ብዬ ትቼው ነበር። አሁን ግን በወንጌል ተምሎ ያንቺ ፊርማ አለበት።

አልቀየምሽም። እኔ ምን እንደሆንኩ አውቃለሁ። ግን ሌላ ስላጣሽ ከምታገቢኝ ብቻሽን ብትሆኚ ይሻልሻል። እኔም እንዲሁ። ማክሰኞ አልመጣም።

ቴሌስፎር
ጥቅምት 1911»

የልጆቹ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ጠረጴዛው ሥር አልገባ አለ። እሱ ከአሜሪካ እስኪመለስ ሰባት ዓመት ደብዳቤ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ፖስታ ቤት ማክሰኞና ዓርብ እየሄድኩ፣ ለሌላ ጉዳይ የመጣሁ እየመሰልኩ። ይኸው፣ መጣልኝ!

ቤት ስገባ እናቴ ፊቴን አይታ መርፌዋን ወረወረች። ወረቀቱን ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር፤ አልተደሰተችም።

«ይህን የእኔ አፍ ነው ያመጣው» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ እየተቆጣች «አልቅሺ እንጂ! ምን ትገተሪያለሽ!»

«አቅም የለኝም፣ እማዬ» አልኳት። እውነቴን ነበር። ልቤ ተሰብሮ እንኳ የእግሬ ድካም ብቻ ነበር የሚሰማኝ።

*

ቅዳሜ ውሃው የሚሸሸው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። የአባቴን ቦቲ ጫማ አጥልቄ ወደ ወንዙ ወረድኩ።

ወንዛችን ባሕር ያህላል፣ እንደ ባሕርም በቀን ሁለቴ ሞልቶ ሁለቴ ይሸሻል፤ ሲሸሽ ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ጭቃ ጥሎ ነው። ጭቃው ላይ ዓሣ አጥማጆቹ ከቅርንጫፍ የተጎነጎነ ረጅም አጥር ይተክላሉ። እባብ መሳዩ ዓሣ በመከር ወደ ባሕር ሲወርድ አጥሩን እየታከከ ሄዶ መጨረሻው ላይ ካለው የእንጨት ሣጥን ይገባል። ቴሌስፎር ሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር። ከሩቅ አየኝና ቀና አለ፣ ከዚያ ተመልሶ ጎንበስ አለ።

«መምህርት ጭቃ ውስጥ ምን ትሠራለች?» አለኝ ሳያየኝ።

«ያልገባው ተማሪ አለ፤ ላስረዳው መጣሁ።»

«ገብቶኛል። አንብቤዋለሁ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ ግን ይገባኛል።»

«ወረቀቱ ውሸት ነው።»

ቀና አለ። ክንዱ እስከ ብብቱ ረጥቧል። እንደዚያ ከስቶ አይቼው አላውቅም።

«ምን አልሽ?»

«ውሸት ነው አልኩህ! ሁለት ሰው ጠይቆኛል። ሁለቱንም እንቢ ብያለሁ።»

«ማን?»

«አልነግርህም። ቃል ሰጥቻለሁ።»

«እ!» ብሎ ሳቀ፤ መራራ ሳቅ ነው። «ስም የሌላቸው ጠያቂዎች። እኔን ለማጽናናት በዚህ ጭቃ መምጣት አልነበረብሽም፣ ኤግዚልዳ።»

ያን ጊዜ ቁጣዬ መጣ። አሥር ዓመት በልጆች ላይ ያልጮኽኩት ጩኸት ወጣኝ።

«ላጽናናህ? አንተን? አንደኛው በሁለት ፈረስ ሠረገላ ነው የመጣው! ገረድ እቀጥርልሻለሁ፣ ጣትሽ እሳት አይነካም ነው ያለኝ! ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ጣቴ በምድጃው ተቃጥሎ በጨርቅ ታስሮ ነበር፣ እያየው ነው ያለኝ! እና እንቢ አልኩ! ሞኝ ስለሆንኩ እንቢ አልኩ!»

ከሣጥኑ ያወጣውን ዓሣ በእጁ እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ሁለት ፈረስ ያለው ሠረገላ የዶክተሩ ብቻ ነው» አለ።

አፌን በእጄ ያዝኩ። ቃሌን እንዲሁ በላሁት።

«ለምን እንቢ አልሽው?» ድምፁ ተለወጠ።

«ለምን ይመስልሃል? ልትሄድ ስትል፣ ያን እሑድ፣ ደረጃው ላይ ቆመህ አየኸኝ። ‹እመጣለሁ› አልክ። ሌላ ምንም አላልክም። ሰው ሁሉ ወደ አሜሪካ ሲሄድ እመጣለሁ ይላል፤ የሚመጣ የለም። እኔ ግን አመንኩህ። አንድም ደብዳቤ ሳይመጣ፣ አንድም ሰው ሰላም ብሎሻል ሳይለኝ፣ ሰባት ዓመት በአንድ አስተያየት ኖርኩ። ደክሞኛል፣ ቴሌስፎር! መውደዱ ራሱ አድክሞኛል! አንተ ደግሞ መጥተህ፣ ሌላ ስላጣች ነው ትለኛለህ!»

በእጁ የያዘው ዓሣ ተሙለጭልጮ ጭቃው ውስጥ ወደቀ፤ አላየውም። አንድ እርምጃ መጣ፣ ከዚያ እጁን አይቶ ቆመ። እጁ እንዳያቆሽሸኝ ፈርቶ ነው። ያን ጊዜ ምን ያህል እንደምወደው ራሴንም ገረመኝ።

«ይህን አላወቅሁም» አለ። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ አላወቅሁም።» ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። «በወንጌል ምለሻል ግን።»

«ምያለሁ።»

«ቄሱ ቢያውቁስ?»

«ፈቃዱ ይፈርሳል። በውሸት የተገኘ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም።»

ውሃው ከሩቅ ይሰማል፤ መመለስ ጀምሯል።

«ማንም አያውቅም» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት፣ አልክድም። «ዶክተሩ አይናገርም። ያኛውም አግብቶ ወልዷል። ማክሰኞ እንጋባ። ዝም እንበል፣ በቃ። ደግሜ መጠበቅ አልችልም።»

ለረጅም ጊዜ አሰበ። መፈለጉን ፊቱ ላይ አየሁ፤ ከእኔ የበለጠ ነበር የፈለገው።

«አጎት ኦርሚዳስ እነዚያን ወንድማማቾች እንዴት ያወቃቸው ይመስልሻል?» አለ በመጨረሻ። «መዝገብ ላይ ስለተጻፉ ነው። ያ ወረቀትም መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። እኛ ከሞትን በኋላ አንዱ የልጅ ልጃችን ዘሬን ልቁጠር ብሎ ይከፍተዋል። ምን ያገኛል? ‹ኤግዚልዳ፣ ሌላ ጠያቂ ያልነበራት›። ሌላ ስላንቺ የሚያውቀው ነገር አይኖርም።» ራሱን ነቀነቀ። «አላደርገውም። እኔ ያንቺን ዘመን ሰርቄያለሁ፣ ስምሽን ደግሜ አልሰርቅም።»

ለማልቀስ አቅም የለኝም ብዬ ነበር። እዚያው ጭቃው ውስጥ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሱም በዚያ እጁ አቀፈኝ።

*

አባ ፓራዲ በራቸውን ከፍተው መጀመሪያ ያዩት ጫማችንን ነው።

«ምንጣፌን! ምንጣፌን!» አሉ። ከዚያ ፊታችንን አዩና አስገቡን።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ቆሜ ነው የተናገርኩት፤ ብቀመጥ የምነሳ አልመሰለኝም። ሲሰሙ ቆይተው የጳጳሱን ፈቃድ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፣ ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት።

«በወንጌል ላይ» አሉ።

«አዎ፣ አባ።»

«በእኔ ፊት።»

«አዎ፣ አባ።»

«ይህን መልሼ ልኬ ውሸት ነበር ማለት አለብኝ። አዲስ ማመልከቻ ቢጻፍ መልሱ ከጾመ ገና በፊት አይደርስም። በጾም ሠርግ የለም። እንግዲህ ጥር ነው፤ ያውም ጳጳሱ እሺ ካሉ። ገብቷችኋል?»

«ገብቶናል» አለ ቴሌስፎር። «እኔን ጻፉኝ፣ አባ።»

«ምን ብዬ?»

«ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ ይህችን ካላገባ ሌላ የምትወስደው የለችም ብለው። እሱ እውነት ነው። እምላለሁ።»

ቄሱ ሊስቁ ነበር፣ ከዚያ ተዉት።

«ለወንድ እንዲህ ያለ ምክንያት የለም፣ ልጄ። ለሴት ብቻ ነው የተጻፈው።»

«ለምን?»

«እኔንጃ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስጽፈው ኖሬአለሁ። ስንቷን ሴት እንደዚህ ብዬ እንዳስፈረምኩ አላውቅም። ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።»

ከዚያ አባ ፓራዲ አዲስ ወረቀት ሳቡ።

«ቦታው ጠባብ ነው እላለሁ። ጳጳሱ በባዶው አትላኩ ብለውኛል፤ እንግዲያው በሙሉው እልካለሁ። ያላገባውን የዚህን ሰበካ ወንድ ሁሉ አንድ በአንድ፣ ከአንቺ ጋር በስንት ቤት እንደሚዛመድ ቆጥሬ አያይዛለሁ። ያንብቡት እንግዲህ! ሁለት ሳምንት ይፈጅብኛል፣ ዐይኔም ያልቃል። በል፣ ሌላ ምን አለ?»

«መጠየቋን ይጻፉልኝ» አለ ቴሌስፎር።

«እሱ ምክንያት አይደለም! ጳጳሱ ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ፣ አባ። ግን ይጻፍ።»

ቄሱ እያጉረመረሙ ከወረቀቱ ግርጌ ጻፉ፣ ሳይጠየቁም አነበቡት፤ «አመልካቿ ሁለት ጊዜ በተከበሩ ሰዎች ለጋብቻ ተጠይቃለች። ይህን ሰው እየጠበቀች ስለነበር እንቢ ብላለች።»

ብዕሩን ሰጡኝ። ራሴን በሌላ ሰው እጅ እንዲያ ተጽፌ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው። ስሜን ጻፍኩ፤ ቀስ ብዬ፣ ለልጆቹ እንደማሳየው ዓይነት። ከሥሬ ቴሌስፎር በዚያ ባዘነበለ ትልቅ ፊደሉ ጻፈ። አላፈረም።

*

በጋሪው ወደ ቤት ወሰደኝ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ፈረሱ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።

«እናትሽ ትገድለኛለች» አለ።

«የሠርጉን ልብስ ወገብ ለማስፋት ጊዜ አገኘሁ ትላለች።»

«ወንዶቹ በብርዱ ወራት ለደመወዝ ወደሚሄዱበት እንጨት ቆረጣ ዘንድሮ አልሄድም። ክረምቱን እዚሁ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ትበላለህ?»

«ጨው የገባ ዓሣ። በገና ቀን ደግሞ ለለውጥ ጨው የገባ ዓሣ።»

ሳቅሁ። ሳቁ ራሱ ከጎኔ የሆነ ቦታ አሞኝ ነበር የወጣው። የትምህርት ቤቱን ምድጃ እስከ ጥር ደግሜ ላነድ ነው፣ መልቀቂያዬን ለምኜ ልመልስ ነው፣ ከደረጃው ላይ የሚደርሰኝን ወሬ ሁሉ ልሰማ ነው። ጳጳሱ እሺ ይበሉ አይበሉ አላውቅም። ይህን ሁሉ ልነግረው ፈልጌ ጀመርኩ፣ ግን ማዛጋት ቀደመኝ።

«ምነው?» አለኝ።

«ምንም። ደክሞኛል።»

ትከሻውን ወደ እኔ አስጠጋ። ሰባት ዓመት የጠበቅኩት ሰው አሁንም የምጠብቀው ሰው ነበር፤ ግን አጠገቤ ሆኖ አብሮኝ ሲጠብቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጭንቅላቴን ጣል አደረግኩና፣ ቤታችን ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰደኝ።